ሥራ ፈት መሆኑ የተረጋገጠለት ቤት

ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪውን በጣም ይወዳል። በጣም ከመውደዱ የተነሳ አንድ ቀን ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳውን የሦስት ዓመት አቧራ አራግፎ ሃያ ሰባት ገጽ መመሪያ ለጠፈለት። ርዕሱ ብቻውን አራት መስመር ነው። ሲያሳጥሩት «ሥራ ፈት የማዘጋጃ ቤት ቤቶችን ለበጎ ፈቃድ ማኅበራት በኪራይ ማስተላለፊያ መመሪያ» ይባላል። ሳያሳጥሩት ስሙን አንብቦ የጨረሰ ሰው ያን ሰሞን አልተገኘም። አንድ ጡረተኛ ቆሞ ሞክሮ ነበር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ።

ሐሳቡ ግን ታላቅ ነው፣ ማንም ክፉ አይናገርበትም። ከተማው ውስጥ ተቆልፈው የሚያረጁ ቤቶች ሞልተዋል፣ ቤት አጥተው መንገድ ላይ የሚሰበሰቡ ማኅበራትም ሞልተዋል። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው በቃ። እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው ሃያ ሰባት ገጽ የፈጀው።

መመሪያው ሲወጣ ደስታዋን መደበቅ ያቃታት ሲስተር ናት። ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ወጥታለች ይባል እንጂ የቀረው ደሞዙ ነው፣ ሥራው አልቀረም። ከሁለት ሰዎች ጋር ሆና አንድ ማኅበር አላት። ሰው መሳቢያ ውስጥ የሚረሳውን አሮጌ መነጽር ይለምናሉ፣ ይጠግናሉ፣ መግዛት ለማይችሉ አዛውንቶች በነጻ ይሰጣሉ። ብሎን የሚያጠብቀው ሰዓት ሠሪው ጋሼ ደቂቃ ነው። «አንድ ደቂቃ» ብሎ የጀመረው ሥራ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ነው ስሙ የወጣለት። የፊደል ሰሌዳውን ይዞ «ይቺስ ማናት?» የሚለው ደግሞ ጡረተኛው መምህር ነው። ጡረታ ቢወጣም ስም መጥራት አልተወም፤ ለመነጽር የመጣውን ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ መዝግቦ፣ ያረፈደውን በቀይ ያሰምርበታል።

ቤታቸው ጥንት የገበያ እህል ይመዘንበት የነበረ የማዘጋጃ ቤት ቤት ነው። ሰው አሁንም ሚዛን ቤት ይለዋል። ከሰባት ዓመት በፊት የሆነ ሹም «ግቡበት» አላቸው፣ ገቡበት። ያኔ ጣሪያው ሰማይ ነበር። ቆርቆሮ መቱ፣ ግድግዳ ቀቡ፣ አይጦቹን በክብር ሸኙ። ሁሉ ነገር አላቸው፣ ወረቀት ግን የላቸውም።

ወረቀቱን የሚያስፈልጋቸው ደግሞ አሁን ነው። ሆስፒታሉ አዲስ የዓይን መለኪያ ማሽን ስላስገባ አሮጌውን ለእነሱ ሊሰጣቸው ተስማምቷል። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ የቤት ኪራይ ውል አምጡ። ካላመጡ ለሌላ ይሰጣል። ሲስተር እስከ ዛሬ የምትለካው ሰውየው ፊት ላይ መነጽር እያፈራረቀች «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» በማለት ነው። ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለው፣ ሦስተኛው ላይ «ይሄ ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። ሄዶ በር ይስታል። ማሽኑ ቢኖር ግን አንዴ አገጭን ማስደገፍ ብቻ ነው፣ በቃ ልኩ ይታወቃል። ሲስተር ሆስፒታል ሄዳ ማሽኑን በእጇ ነክታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ስታማስል እንኳ ስለ ማሽኑ ነው የምታወራው።

ስለዚህ ወደ ንብረት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ትልቅ ሰው ናቸው። ትልቅነታቸው የሚታወቀው በወረቀት አያያዛቸው ነው። ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ወስደው፣ ወረቀቱን ልክ እንደ ጠላት ከሩቅ ያዩታል። ከዚያ «አይቼዋለሁ» ብለው ይፈርማሉ። ቅርብ እንደማይታያቸው ቢሮው በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«የእናንተ ቤት አይሆንም» አሉ የሲስተርን ማመልከቻ መስኮቱ ድረስ አርቀው ይዘው። «ሥራ ፈት አይደለም።»

«አዎ ጌታዬ፣ በደንብ ይሠራል።»

«ችግሩ እሱ ነው። መመሪያው የሚለው ሥራ ፈት ቤት ነው። የሚሠራን ቤት እንዴት አድርገን ለሥራ እንሰጣለን?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ሥራ ፈት አድርጉታ። ሠላሳ ቀን ይታሸግ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ገምጋሚ መጥቶ ሥራ ፈት መሆኑን ያረጋግጥላችኋል፣ ከዚያ ገብታችሁ ትሠራላችሁ።»

«አሁንም እየሠራን ነው'ኮ።»

«ሲስተር» አሉ ኃላፊው ለሕፃን በሚያስረዱበት ድምፅ፣ «አሁን የምትሠሩት ከሕግ ውጭ ነው። ሥራ ስትፈቱ ግን ሕጋዊ ትሆናላችሁ።»

ሲስተር ዓይናቸውን ነበር የምታየው። ነርስ ናት፣ ምን ታድርግ። «ጌታዬ፣ በዚያው ዓይንዎን ልይልዎት?»

«የኔን ዓይን? እኔ አርቆ ተመልካች ነኝ።»

«እሱማ ያስታውቃል። ሩቁ ይታይዎታል። እኔ ቅርቡን ነው ያልኩት።»

ኃላፊው ሳቅ አሉና ስብሰባ ገቡ።

በማግስቱ ሚዛን ቤቱ ታሸገ። ሁለት ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉ፣ ፎቶ አነሱት፣ ከዚያ ከወረቀቱ ጋር ራሳቸውንም አነሱ። እነ ሲስተር ግን ቤታቸው ሄደው እንዳያርፉ አንቀጽ አሥራ አራት አለ። «አመልካች ስሙ በተጠራበት ሰዓት በአካል ካልተገኘ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል» ይላል። መቼ እንደሚጠራ አይልም። ለነዋሪው ያልታሰበ ደስታ እንዲሆን ነው መሰለኝ የተደበቀው።

እና ሦስቱም በየቀኑ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሁለተኛ ፎቅ እየሄዱ የጽሕፈት ቤቱ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። አዳራሹ ከኃላፊው ቢሮ ጋር የሚለያየው በመስታወት ብቻ ነው። ረጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት፣ የፕላስቲክ አበባ አለው፣ ውሃ የሌለው የውሃ ማቀዝቀዣ አለው። መነጽሮቹንም በሁለት ሻንጣ ይዘው ነው የሚመጡት። ታሽጎ ቤት ውስጥ ቢቀር አይጦቹ ተመልሰው ይመጡበታላ።

መምህሩ ግን አላስቻለውም። የታሸገው በር ላይ በትልልቅ ፊደል «ሥራ ፈተናል። ያለነው ማዘጋጃ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው» ብሎ ለጥፎ መጣ።

ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት አሮጊት ደረጃውን እያረፉ ወጥተው አጠገባቸው ዘፍ አሉ።

«ሥራ ፈታችሁ አሉ?»

«አዎ እማማ፣ ፈታን» አለች ሲስተር።

«ጎሽ። እንግዲያው ጊዜ አላችሁ፣ ይቺን አንድ በሉልኝ» ብለው እግሩ የተገነጠለ መነጽር ከጉያቸው አወጡ።

ጋሼ ደቂቃ ሲስተርን አያት። ሲስተር አግዳሚውን አየች። «ተቀምጠን አይደል የምንውለው» አለች። ጋሼ ደቂቃ «አንድ ደቂቃ» አለ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ መፍቻዎቹን ደረደረ፣ ተጀመረ።

በሳምንቱ አዳራሹ ጢም አለ። የፊደል ሰሌዳው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ልክ መመሪያው አጠገብ ተሰቀለ። በነገራችን ላይ ከሁለቱ የተነበበው የፊደል ሰሌዳው ነው። አንዱ ሽማግሌ አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ሲያነቡ ሌላኛው ከኋላ ሹክ ይሏቸዋል፤ መምህሩ ደግሞ «ፈተና ላይ መነጋገር የለም» ብሎ ይቆጣል። የኃላፊው ጸሐፊዎች መጀመሪያ ሊያባርሯቸው አስበው ነበር። ግን ሊያባርሩ የመጡት ሁሉ ቁጭ ብለው መነጽር ሞክረው ሄዱ።

የመዝገብ ቤቷ ልጅም መጣች። ፋይል ስጪኝ ሲሏት «የለም» በማለት የምትታወቅ ናት። ሲስተር ሁለት ሦስቱን አፈራርቃ አንዱን አደረገችላት። ልጅቷ ታች ወርዳ ግማሽ ሰዓት ቆየችና ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች።

«እትዬ ሲስተር» አለች በሹክሹክታ፣ «ለካ መደርደሪያዎቹ ላይ ቁጥር አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋይል መገኘት ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰ አንድ ሰውዬ ፋይሉ በአምስት ደቂቃ ሲመጣለት ደንግጦ «የኔ አይደለም» ብሎ ሊመልሰው ነበር፤ ለምነው ነው ያስያዙት። ፋይሉ ተገኘ እንጂ ቤት አልተገኘም። የእሱም የሌላውም ማመልከቻ የሚጠብቀው ሠላሳ ቀን ሥራ መፍታቱ በገምጋሚ የተረጋገጠለት ቤት ነዋ።

ኃላፊውስ? ኃላፊው ደስታቸው ወሰን አጣ። በመስታወቱ ሕዝቡን ያያሉ። ሩቅ ስለሆነ ይታያቸዋል። «ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣው ነዋሪ በዘጠኝ እጥፍ ጨምሯል» የሚል ሪፖርት አስጽፈው ወደ ላይ ላኩ፤ ከላይም የምስጋና ደብዳቤ መጣላቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው አዩት፣ ፈረሙበትም። በምስጋና ደብዳቤ ላይ ተመስጋኙ ሲፈርም ያኔ የመጀመሪያው ነው።

ሠላሳ አንደኛው ቀን ደረሰ፣ ገምጋሚው መጣ።

ገምጋሚው ቀጭን፣ ጸጉሩን ወደ ጎን ያበጠረ ወጣት ነው። አንድ ከባድ ችግር አለበት። መመሪያውን አንብቦታል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ አባሪውን ሁሉ። በዚህ ምክንያት የሥራ ባልደረቦቹ ምሳ አብረውት አይበሉም።

እነ ሲስተርን ይዞ ሚዛን ቤት ሄደ። ማኅተሙን ቀደደ፣ ገባ፣ ሸረሪት ድሩን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገ። ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ ማፍሰስ ጀምሯል። ወር ሙሉ ጋሼ ደቂቃ አላየውማ።

«ሥራ ፈት ነው» አለ ገምጋሚው። «ሥራ ፈት ካልኳቸው ቤቶች ሁሉ ይሄ ይበልጣል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች ሲስተር፣ እጇ ውሉን ሊቀበል ወደፊት ሄዶ።

«አንድ ጥያቄ ቀርቷል። አንቀጽ ሃያ ሁለት። ባለፉት ሠላሳ ቀናት በዚህ ቤት ስንት ሰው አገለገላችሁ?»

«በዚህ ቤት?»

«በዚህ ቤት።»

«ታሽጎ ነበር'ኮ ልጄ።»

«ልክ ነው፣ አይቻለሁ። ስለዚህ ዜሮ» አለና ጻፈ። ዜሮውን ሲጽፍ ደግሞ በጣም ክብ አድርጎ ነው። «ማንንም ያላገለገለ ማኅበር ቤት ሊከራይ አይችልም። ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ስድሳ ቀን ይፈጃል።»

ሲስተር ግድግዳውን ተደገፈች። ራሷ የቀባችው ግድግዳ ነው። ሆስፒታሉ የሰጣት ጊዜ ሊያልቅ የቀረው አሥር ቀን ነው።

ጋሼ ደቂቃ «በስድሳ ቀን እኔ ራሴ ታሽጌ እገኛለሁ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

«ስማ ልጄ» አለች ሲስተር ቀስ ብላ፣ «ሰውማ አገልግለናል። እዚህ አይደለም እንጂ። እናንተው ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

ገምጋሚው እስክሪብቶውን አቆመ። «ማስረጃ አለ?»

መምህሩ ደብተሩን ከብብቱ አወጣ። «ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። አርባው አርፍደዋል።»

ገምጋሚው ገጾቹን አገላበጠ፣ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ አይቶ አያውቅም። «እንሂድ» አለ።

ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ አዳራሹን በእርምጃ ለካ። የኃላፊውንም ቢሮ በመስታወት አየ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ወንበራቸው ባዶ ነው። ከዚያ አንቀጽ ሦስትን ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ሥራ ፈት ቤት ማለት በተቋቋመበት ዓላማ በተከታታይ ሠላሳ ቀናት አንድም ጉዳይ ያልተጠናቀቀበት ማንኛውም የማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ነው።» ቀና አለ። «ይሄ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ለምንድን ነው?»

«ቤት ለማከራየት» አለች የመዝገብ ቤቷ ልጅ።

«በዚህ ወር ስንት አከራየ?»

ልጅቷ መነጽሯን አስተካክላ መዝገቡን ከፈተች። «በዚህ ወር የለም። ባለፈው ወርም… የለም። ቆይ፣ ገጽ ልገልብጥ። እዚህም የለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር… አይ፣ ሻይ ፈሶበት ነው።»

«ይበቃል» አለ ገምጋሚው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ውሉን እዚያው ጻፈው። ማኅበሩ ያገለገለበት ቦታ፣ ሥራ ፈትነቱም በመዝገብ የተረጋገጠለት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ የንብረት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከነመጠበቂያ አዳራሹ።

የቀረው የኃላፊው ፊርማ ነው።

ኃላፊው ከስብሰባ ሲመለሱ ለማኅበር ቤት ሊሰጡ መሆናቸውን ሰሙ። ይህ የመመሪያው የመጀመሪያ ፍሬ ነውና ዝም ብሎ አይፈረምም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ተጠራ፣ ከረባት ተስተካከለ፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት አዛውንቶች አንድ ጊዜ አጨብጭቡ ተባሉ። ኃላፊው ንግግር አደረጉ።

«ጽሕፈት ቤታችን ለሕዝብ ያልሆነ አንድ ስንዝር ቦታ እንዳይኖረው ቆርጦ ተነስቷል። አስፈላጊ ከሆነ የተቀመጥንበትን ወንበር ጭምር ለበጎ ፈቃደኞች እንለቃለን» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ገምጋሚው ይህንንም ጻፈው።

ውሉ ፊታቸው ቀረበ። ሲስተር ዝም ብትል ነገ ማሽኑ ይመጣል። ብትናገርና ቢያነቡት ማሽኑ ቀረ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን እንደሆነ ሳትነግረው ማንንም ሰው መድኃኒት ዋጥ አላለችም። አሁን ትጀምር?

«ጌታዬ» አለች፣ «ከመፈረምዎ በፊት ቢያነቡት ጥሩ ነው። የሚሰጡት ቤት የትኛው እንደሆነ ይዩት። መነጽር ላውስዎት?»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ።

ኃላፊው ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ወሰዱ።

«ሲስተር፣ ሽማግሌ አደረግሽኝ'ኮ» አሉ ፈገግ ብለው። «አይቼዋለሁ።»

ፈረሙ። ማኅተሙንም ራሳቸው መቱ፣ ሁለቴ፣ አንዱ ለፎቶ።

ማሽኑ በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና መጣ። ኃላፊው ረፈድ አድርገው ሲገቡ ጠረጴዛቸው ላይ ግራጫ ነገር ቆሟል፣ ሲስተር ወንበራቸው አጠገብ አቧራውን ትጠርጋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓይን መለኪያ ነው ጌታዬ።»

«በኔ ቢሮ?»

«በማኅበሩ ቢሮ። ትናንት ሰጡን'ኮ። ንገሪኝ እንዳይሉኝ ነግሬዎታለሁ።»

ኃላፊው ውሉን አምጡ አሉ። መጣ። ዘረጉት፣ ክንዳቸው አለቀ፣ ፊደሉ ግን እምቢ አለ። ሰው ሁሉ በመስታወቱ ያያል። ሲስተር ወንበሩን ሳበችላቸው። ቆም አሉና፣ ቁጭ አሉና፣ አገጫቸውን አስደገፉ። የማሽኑ የመጀመሪያ ታካሚ እሳቸው ሆኑ። ጋሼ ደቂቃ ልኩን ከሻንጣው አወጣ፤ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀበት፣ ጉድ ነው።

ኃላፊው መነጽሩን አደረጉ። መጀመሪያ የእጃቸውን ጥፍሮች አዩ፣ ገረማቸው። ቀጥሎ ውሉን አነበቡ። ከዚያ አዳራሹ ወጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙና መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ሃያ ሰባቱንም ገጽ ቆመው ጨረሱት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ተመልሰው ያነቡ ነበር፣ ልክ ክፉ ዜና እንደሚነበብ።

«ይሄን የማይረባ ነገር» አሉ በመጨረሻ፣ «ማነው ያጸደቀው?»

የመዝገብ ቤቷ ልጅ የመጨረሻውን ገጽ ግርጌ በጣቷ አሳየቻቸው። ፊርማው ትልቅ ነው፣ ያምራል።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ከዚያ ርክክቡን ሊመዘግብ ወደመጣው ገምጋሚ ዞሩ። «እና እኔ የት ልግባ?»

«ሥራ ፈት መሆኑ የተረጋገጠለት አንድ ቤት አለን» አለ ገምጋሚው በደስታ። «ሚዛን ቤት። ጣሪያው ትንሽ ያፈሳል። ያመልክቱና እዚህ አዳራሽ ይጠብቁ። ስምዎ ሲጠራ በአካል መገኘት አለብዎት።»

«ስሜን የሚጠራው ማነው?»

ገምጋሚው ገጹን ገለበጠ። «ኃላፊው ይላል።»

ኃላፊው ሄደው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አጠገባቸው ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና አሳዘኗቸው፣ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረጓቸው።

«አዲስ ነህ መሰለኝ» አሏቸው። «አይዞህ፣ አትጨነቅ ልጄ። ድሮ ነበር እንጂ እዚህ ቢሮ ሰው የሚጉላላው፣ አሁንማ ቶሎ ነው የሚጨርሱልህ።»